ብድር ለማን? ለምክር ቤት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፣ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊዋ

የተከበራችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን አባላት፣ በጠቅላላ ጉባኤው የተስማማንበትን ሐሳብ ወደ ጽሑፍ ለማምጣት ሦስት ምሽት ተቀምጬበታለሁ። ጽሑፉ የሚገባው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ስለሆነ አንድም ቃል እንደ ዋዛ እንዲያልፍ አልፈልግም። ጉድለቱን ሳትሸሽጉ ንገሩኝ።

መግቢያዬ ከ2003 ዓ.ም. ይጀምራል። በዚያ ዓመት መጋቢት 24 ቀን የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም ሰማን፤ ቦንድ ግዙ ተባልን፣ ገዛን። ደመወዛችን ሲቆረጥ ስንት እንደተቆረጠና ለምን እንደተቆረጠ እናውቅ ነበር። የደገፈውም ያጉረመረመውም ስለምን እንደሚናገር ያውቅ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ሌላም ገንዘብ ታዘዘ። ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ የግል ባንኮች አዲስ ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደዱ። አንድ ባንክ ለነጋዴ አንድ ሚሊዮን ብር ሲያበድር 270 ሺህ ብር ለአምስት ዓመት በ3 በመቶ ወለድ ያስቀምጣል ማለት ነው። ለቆጣቢው ደግሞ ከ5 በመቶ በታች መክፈል አይፈቀድለትም ነበር። ልዩነቱን የተሸከመው ተበዳሪው ነው፤ ከተበዳሪው ሱቅ ዕቃ የምንገዛው እኛም ነን።

ገንዘቡ በአብዛኛው ወደ ልማት ባንክ ሄደ። ልማት ባንክ በጋምቤላ ለዝናብ ጥገኛ ሰፋፊ እርሻዎች ከሰጠው ብድር ውስጥ ምን ያህሉ ውኃ እንደበላው የምታውቁ ታውቃላችሁ። መመሪያው እስከ 2012 ዓ.ም. ሠራ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ወንድሙ መጣ፤ ከአዲስ ብድር 20 በመቶ የሚያህል የግምጃ ቤት ቦንድ ግዙ የሚል። በጉባኤው ላይ ስለ 27 በመቶው የሰማ እጁን እንዲያወጣ ስጠይቅ ያወጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስለ ግድቡ ቦንድ ብጠይቅ እጁን የማያወጣ ባልነበረ።

መመሪያው ክፉ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ፋብሪካም ተተክሎበታል። የአገር ውሳኔ ነበር፣ አገሩ ግን አልተጠየቀም። ረቂቃችን የቆመው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

ዋናው ጥያቄያችን አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ባንኮች ከሕዝብ የሰበሰቡትን ቁጠባ ለተበዳሪዎች ሲያከፋፍሉ ፍትሐዊ እንዲሆኑ፣ የአከፋፈሉም ዝርዝር ለሕዝብ እንዲገለጽ እንጠይቃለን።»

ገንዘብ ያዧ

እጅሽ ይባረክ ልጄ። እኔ የሚጨመር አላየሁም። ባንክ ማለት ትልቅ ዕቁብ ነው። ሁላችን እንጥላለን፣ አንዱ ያነሣል። ዳኛው ካደላ ዕጣው ሁልጊዜ ለአንድ ሰፈር ይወጣል። ምክር ቤቱ ዳኛውን ይመርምርልን ነው የምንለው፤ ይኸው ተጽፏል።

ጡረተኛው የባንክ ባለሙያ

እትዬ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ፤ ረቂቁ ላይ የማየው ትልቁ ስሕተት በዚሁ በዕቁቡ ምሳሌ ውስጥ አለና።

ሠላሳ ሰው አንድ አንድ ሺህ ብር ጥሎ አንዱ 30 ሺህ ሲያነሣ፣ የሌላው ኪስ በአንድ አንድ ሺህ ቀሎ ይሄዳል። አዲስ ብር አልተፈጠረም፤ ተራ ብቻ ነው የተለዋወጠው። የእኛ ማኅበርም እንዲሁ ነው፤ የምናበድረው የቆጠብነውን ነው። ባንክ ግን እንዲህ አይደለም። እኔ በወጣትነቴ ብድር ክፍል ስሠራ ኮምፒውተር አልነበረም። ደብዳቤው ተፈርሞ ሲመጣ ሁለት ካርድ እስባለሁ። በአንደኛው ካርድ፣ በብድር ሒሳቡ፣ ደንበኛው 50 ሺህ ብር ዕዳ እንዳለበት እጽፋለሁ። በሁለተኛው፣ በራሱ በደንበኛው ተንቀሳቃሽ ሒሳብ፣ 50 ሺህ ብር ገቢ እጽፋለሁ። ቀለሙ ሳይደርቅ ሰውየው በዚያ ገንዘብ ቼክ ይቆርጣል። ካዝናው አልተከፈተም፤ ከማንም ቆጣቢ ደብተር ላይ አንዲት ሳንቲም አልተቀነሰችም። ጠዋት ያልነበረ 50 ሺህ ብር ከሰዓት በኋላ አለ። ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ደግሞ ያው ገንዘብ ከመዝገቡ ይጠፋል።

ይህ የእኔ የጡረታ ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሔቱ በግልጽ ጽፎታል፤ ባንክ ሲያበድር ተቀማጩን ራሱ ይፈጥራል። እርግጥ ልጓም አለው። ካፒታሉ፣ ከተቀማጩ በብሔራዊ ባንክ እንዲያስቀምጥ የሚገደደው መጠባበቂያ፣ ብድሩ ተመላሽ አለመሆኑ የሚያመጣው ኪሳራ፣ ከሁሉም በላይ የብሔራዊ ባንክ ትእዛዝ ይይዘዋል። ልጓሙን የሚስበው ግን ሰው ነው፤ ሰው ያጠብቀዋል፣ ሰው ያላላዋል።

ስለዚህ «የሰበሰቡትን ቁጠባ ሲያከፋፍሉ» የሚለው ይውጣልኝ። ማከፋፈል ብቻ ከሆነ የምንጠይቀው የአከፋፋዩን ቅንነት ነው። መፍጠር ከሆነ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ የሁላችንም ስም ያለበትን ብር በማን ፈቃድ፣ ለማን፣ ለምን ሥራ ትፈጥራላችሁ ማለት ነው። ያ ጥያቄ ደግሞ ሁልጊዜ ፖለቲካ ነበር። በደርግ ዘመን ለግል ነጋዴ የሚጠየቀው ወለድ ለመንግሥት ድርጅትና ለኅብረት ሥራ ማኅበር ከሚጠየቀው ይበልጥ ነበር። ሰንጠረዡ በጠረጴዛዬ መስታወት ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ማን መሆኑን እንጂ ሥራው ምን መሆኑን አልነበረም። ዛሬ ሰንጠረዡ የለም፤ ምርጫው ግን አለ።

ወተት አርቢዋ

እኔ ስለ ብድር ጣሪያው፣ የባንክ ብድር በዓመት ከዚህ በላይ እንዳያድግ ስለተጣለው ገደብ ነው የምለው። አምስት ላሞች አሉኝ። ሁለት ልጨምር ብዬ ወደ አንድ ባንክ ሄድኩ። ልጁ ትሑት ነበር፣ ወንበር ሰጥቶ አስተናገደኝ። በመጀመሪያው ቀን የቤት ካርታ ጠየቀኝ፤ የምኖረው ኪራይ ቤት ነው። ላሞቹን አስይዤ ስል ባለሙያ ልኮ እንደሚያስገምት ነገረኝና ሁለት ወር ጠበቅሁ። ስመለስ «እናቴ፣ የዚህ ዓመት የብድር ጣሪያችን ሞልቷል» አለኝ። የጣሪያውን ነገር ያን ቀን ነው የሰማሁት። በዚያው ጠዋት እኔ ወረፋ ላይ ሳለሁ አንድ ሰው ከነሾፌሩ መጥቶ ቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባ። ለእሱ ጣሪያው ሞልቶ ይሁን ክፍት አላውቅም። የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ነው የምፈልገው።

የምጣኔ ሀብት መምህሩ

ጋሼ ስለ ብድር አፈጣጠር ያሉት ትክክል ነው፤ ተማሪዎቼን የማስተምረውም ይህንኑ ነው። የምፈራው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ገንዘብ መፍጠር የፖለቲካ ውሳኔ ነው ካልን በኋላ «እንግዲያው ፖለቲከኞች ይወስኑ» የሚል ሰው ወዲያው ይነሣል። ያንን ደግሞ ኖረንበታል።

በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የውጭ ምንዛሪው፣ ጦርነቱ፣ የዓለም የስንዴና የነዳጅ ዋጋ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሆኖም መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ መሙላቱም አንዱ ምክንያት ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ 100 ሺህ ብር በ7 በመቶ ወለድ ያስቀመጠ አባላችን በዓመቱ 107 ሺህ ብር አገኘ። ዋጋው 30 በመቶ ብቻ ጨመረ ብንል እንኳ ያ ገንዘብ የሚገዛው ድሮ 82 ሺህ ብር ይገዛ የነበረውን ነው። 18 ሺህ ብሩን ማን ወሰደው? ይህ፣ ምክር ቤት ያላጸደቀው ግብር ነው። ከፋዮቹም እንደ እኛ በጥሬ ገንዘብ የሚቆጥቡ ናቸው፤ ሕንፃ ያለው ሕንፃው አብሮ ይወደድለታል።

ስለዚህ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ ቁጥር 1359/2017 ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥተኛ ብድር መገደቡን በግልጽ እንድንደግፍ እፈልጋለሁ። ባንኩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የገንዘቡን መጠን በወለድ ተመን መቆጣጠር መጀመሩንም እንዲሁ። ጽሑፋችን የገንዘቡን መጠን ለፖለቲካ ስብሰባ አሳልፎ የሚሰጥ ከመሰለ አልፈርምም።

በስዊዘርላንድ በ2018 እ.ኤ.አ. ባንኮች ገንዘብ መፍጠራቸው ቀርቶ ማዕከላዊው ባንክ ብቻ ይፍጠር የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ አይሆንም አሉ። እኔም ብጠየቅ አይሆንም እላለሁ። ግን ተጠይቀዋል፤ ለወራት ሲከራከሩበት ቆይተዋል። በዚህ እቀናባቸዋለሁ።

ጡረተኛው የባንክ ባለሙያ

መምህር፣ ካድሬ በብድር ኮሚቴ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከጎኔ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። ስለ መጠኑ እስማማለሁ፤ ለብሔራዊ ባንክ ይተው። ነገር ግን መጠኑን ስንወስን ለማን እንደሚደርስም ሳናውቀው እንወስናለን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተባለ፤ በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። ዋጋን ለማርገብ የተወሰደ እርምጃ ነው፤ ዓላማውን አልነቅፍም። ግን ቦታው ጥቂት ሲሆን ባንክ ማንን ያስቀድማል? የቆየ ደንበኛውን፣ ትልቁን፣ ካርታ ያለውን። የእኅታችን ላሞች ከጣሪያው ውጭ የቀሩት ማንም በክፋት ስላስወጣቸው አይደለም። መመሪያው ሲጻፍ ስለ እነሱ ያሰበ ሰው በክፍሉ ውስጥ ስላልነበረ ነው። ብሔራዊ ባንክ ራሱ ባወጣው የፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርት የብድሩ ትልቅ ክፍል በጥቂት ተበዳሪዎች እጅ መከማቸቱን አደጋ ብሎ ጽፎታል።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክንም ጉዳይ አስቡት። ለመንግሥት የልማት ድርጅቶች ለዓመታት የተሰጠው ብድር አልመለስ ሲል፣ ባንኩን መልሶ ለማቋቋም 900 ቢሊዮን ብር ገደማ የሚያወጣ የመንግሥት ቦንድ በምክር ቤቱ ጸደቀ። ብድሩ ሲሰጥ ምክር ቤቱ አልተከራከረበትም፤ ዕዳው ወደ ሕዝብ ሲዞር ግን እጅ አወጣ። እኔ የምለው ክርክሩ ወደ ፊት ይምጣ፤ ብድሩ ከመሰጠቱ በፊት።

ከሚኒሶታ የሚጽፈው አባል

እዚህ ጎረቤታችን በሆነው በሰሜን ዳኮታ ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ ንብረትነቱ የክፍለ ግዛቱ የሆነ ባንክ አለ። ያቋቋሙት ከሩቅ ከተማ በሚመጣ ብድርና ወለድ የተማረሩ ገበሬዎች በምርጫ አሸንፈው ነው። ባንኩ ከትንንሽ የአካባቢ ባንኮች ጋር አብሮ ያበድራል እንጂ አይሻማቸውም። በረቂቁ ይግባ አልልም፤ ኮሚቴው «የት አገር ተሠርቶበታል?» ቢል ግን መልስ ይኖረናል።

ገንዘብ ያዧ

ጋሼ፣ ስለ ሁለቱ ካርዶች የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የባንኩን ገንዘብ የእኛ ገንዘብ ብቻ አድርጌ ሳስብ ኖሬአለሁ። ዕቁቡን ትቼዋለሁ። ግን አንድ ነገር አስገቡልኝ፤ ዝርዝሩ ሲወጣ ሰው የሚገባው ይሁን። እንደ ውኃ ሂሳብ ደረሰኝ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛም በሌሎቹ ቋንቋዎቻችንም። መቶ ገጽ ሪፖርት ካወጡልን ምንም እንዳልነገሩን ይቆጠራል።

ጸሐፊዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዋናውን አንቀጽ እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ፤ ገንዘብ ያዧ ያሉትም ገብቷል፦

«የንግድ ባንኮች ሲያበድሩ ገንዘብ ይፈጥራሉ፤ ብሔራዊ ባንክም መጠኑን ይወስናል። ይህ ሥልጣን የሚሠራው በሕዝብ ስም ነው። የዋጋ መረጋጋትን ለመጠበቅ የሚወሰነው መጠንና የወለድ ተመን ከዕለት ፖለቲካ ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ በብሔራዊ ባንክ እንዲቆይ፣ ለመንግሥት በሚሰጠው ቀጥተኛ ብድር ላይ የተጣለው ገደብም እንዲከበር እንደግፋለን። ነገር ግን ብድርን ወደ አንድ ወገን የሚመራ ወይም ከአንድ ወገን የሚከለክል ማንኛውም መመሪያ፣ ከጽሑፍ ምክንያቱ ጋር ለቋሚ ኮሚቴው ቀርቦ በግልጽ መድረክ ውይይት እንዲደረግበት፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ውጤቱ እንዲመረመር እንጠይቃለን። አዲስ የተሰጠው ብድር በዘርፍ፣ በክልል፣ በብድሩ መጠንና በተበዳሪዎች ቁጥር ተለይቶ፣ የማንም ስም ሳይጠቀስ፣ በየሦስት ወሩ ለሕዝብ በሚገባ መልክ በአንድ ገጽ ይውጣ።»

መምህር፣ «ከዕለት ፖለቲካ ተጽዕኖ ነፃ» የሚለው ለእርስዎ ነው፤ ይበቃዎት እንደሆነ ይንገሩኝ። የግድቡን ቦንድና የ27 በመቶውን ንጽጽር በመግቢያው እንዳለ አቆይቼዋለሁ። የወተት አርቢዋን ታሪክ ራስዋ በኮሚቴው ፊት ብትናገረው ይሻላል ብዬ ከጽሑፉ አውጥቼዋለሁ፤ እኅቴ፣ ፈቃድሽን እጠብቃለሁ።

የምጣኔ ሀብት መምህሩ

በዚህ አጻጻፍ እፈርማለሁ። «በግልጽ መድረክ» ከሚለው በኋላ ግን «መመሪያው ከመጽናቱ በፊት» የሚል ይጨመር። ካልተጨመረ ከጸና በኋላ አወያይተናል ይሉናል። አስቸኳይ ሁኔታ ቢፈጠርስ ለሚለው፣ ባንኩ መመሪያውን አውጥቶ በ30 ቀን ውስጥ ለኮሚቴው ያስረዳ እንበል።

ወተት አርቢዋ

እናገራለሁ። የላሞቹንም ፎቶግራፍ ይዤ እመጣለሁ።

ጸሐፊዋ

መምህር ያሉት ሁለቱም ተጨምረዋል። ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል፤ አነስተኛ ብድሮች ከጣሪያው ውጭ ይሁኑ ብለን እንጠይቅ ወይስ አንጠይቅ? ጋሼ ይሁኑ ይላሉ፤ መምህሩ ትልቁ ተበዳሪ ብድሩን ቆራርሶ በዚያ በር ይገባል ብለው ይፈራሉ። እኔ ወደ ጋሼ አደላለሁ፤ ግን በአንድ ተበዳሪ አንድ ጊዜ ብቻ የሚል ገደብ ካልተገኘለት መምህሩ የሚሉት ይደርሳል። እስከ ሐሙስ ማታ ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ ዓርብ ማኅተም አስመትቼ ሰኞ ጠዋት አስገባዋለሁ።