በጓደኛዬ አርባ ላይ የማሪቱን ካሴት ብንከፍት ነውር ነው?

የሰኞ ገበያው ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። የልጅነት ጓደኛዬን ቀብረናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አርባው ነው። ያደግነው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው። እኔ ሙስሊም፣ እሱ ክርስቲያን። ፋሲካን እነሱ ቤት፣ ኢድን እኛ ቤት ነበር የምንውለው።

አባቱ አይሱዙ ይነዱ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ሁለታችንንም ጋቢና ጭነው ኮምቦልቻ ይወስዱናል። ሐረጎን ስንወርድ የሚከፈተው ሁሌ አንድ ካሴት ነው፣ የማሪቱ ለገሰ። ጭጋግ ከሆነ አባቱ ድምፁን ቀንሰው መንገዱ ላይ ያፈጣሉ። እሱ ግን ዝም አይልም፤ ማሪቱን ተቀብሎ ይቀጥላል። የአምባሰልን ቅኝት ከባቲ ቅኝት መለየት ያስተማረኝ እሱ ነው። እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ድምጿን እንዴት እንደምታንቀጠቅጥ ያሳየኝ ነበር።

አሁን እህቱ ካሴቱን ለእኔ ሰጠችኝ። በአርባው ቀን፣ ሰው ከበላ ከጠጣ በኋላ፣ አንድ ዘፈን ብቻ ብንከፍት ብዬ አሰብኩ። ቀብር ላይ ሁለት ቃል መናገር አቅቶኝ ነበር። በዚህ ልሰናበተው ፈለግኩ። ግን ሐዘን ቤት ዘፈን? እናቱን ማስቀየም አልፈልግም።

ሌላው፣ የቢ ገጽ ክር አንድ ቦታ ላይ ተጨማዷል፤ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

የወሎ እናት
ነፍስ ይማር ልጄ፣ አላህ ያጽናህ። እኔ ብሆን አርባው ላይ አልከፍትም። በእኛ አገር ሐዘን ሲገባ ጎረቤት እንኳ ሬዲዮውን ይዘጋል። አርባ ደግሞ ካህናት የሚመጡበት የጸሎት ቀን ነው፤ የሚከፋው ሰው ይበዛል።

ይሁን እንጂ ዜማ ለሐዘን ባዕድ አይደለም። ልጅ ሳለሁ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ፣ የሟቹን ደግነት በግጥም እያነሳሳች፣ ወንዱም ሴቱም ደረቱን ይመታ ነበር። ስለዚህ ሐሳብህ ክፉ አይደለም። እናቱን ግን አስቀድመህ ጠይቃቸው። ለብቻቸው አግኛቸው፤ ሰው ፊት ከጠየቅካቸው እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል።

ቴፕ ጠጋኝ
ወንድሜ እግዜር ያጽናህ። ካሴቱን ባገኘኸው ቴፕ ላይ አትሞክረው፣ ይበላብሃል። መጀመሪያ ቀፎውን እየው። ብሎን ካለው ፍታው፤ የተጣበቀ ከሆነ በስለት ቀስ ብለህ ክፈተውና ሁለቱን ጥቅሎች ብሎን ወዳለው ሌላ ቀፎ አዛውራቸው። የተጨማደደውን ክር በጣትህ በስሱ አቃናው። አትቁረጠው። ከተበጠሰ ብቻ በቀጭን ስኮች ቀጥለው፣ ያውም ሄዱን (ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን የቴፑን ክፍል) በማይነካው በኩል።

የቴፑን ሄድና ላስቲክ ሮለር በአልኮልና በጥጥ አጽዳ። ከዚያ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በገመድ አገናኝተህ በኦዳሲቲ ቅዳው፤ ፕሮግራሙ ነፃ ነው። መጀመሪያ ስታጫውተው ጀምሮ ቅዳ፣ ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥህ ይችላል። የተጨማደደው ቦታ ላይ ትንሽ መንቀጥቀጡ አይቀርም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እኛም እዚህ አሜሪካ ጓደኛችንን ስናጣ ዘፈኑን ሐዘን ቤት አልወሰድነውም። አብሮ አደጎቹ ብቻ አንድ ሰው ቤት ተሰብስበን የትምህርት ቤት ዘመን ዘፈኖቹን ሰማን። አለቀስን፣ ሳቅንም። እናቱ አልፈልግም ካሉ እንዲህ አድርግ፤ ስንብቱ ግን አይቅርብህ።

የሰኞ ገበያው ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት እናቱ ጋ ሄድኩ። ካሴቱን አገላብጠው አዩትና «የጋቢናው ነው» አሉ። አርባው ላይ አይሆንም፣ ቄሶቹ አሉ ብለውኛል። በማግስቱ ግን ለእኔና ለእህቱ ቡና ያፈላሉ፤ «ያኔ ይዘኸው ና» አሉኝ።

ቴፕ ጠጋኝ፣ ብሎን ያለው ቀፎ ፒያሳ አግኝቻለሁ። ዛሬ ማታ አዛውረዋለሁ። አምባሰሉ ያለው ቢ ገጽ ላይ ነው፤ ክሩ ሲቃና ጠፍጣፋ ነገር ቢጫንበት ይጎዳል ወይስ ይረዳል?