ሥራ ላይ ሆኖ ፊውል ሴል መማር ያዋጣል ወይ? እንከራከርበት

መነሻ፦
ቀን ሥራ የሚውል ኢንጂነር ወይም ቴክኒሺያን ማታውንና ቅዳሜውን ሰውቶ በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠሩ ፊውል ሴሎችን ቢማር ያዋጣዋል? እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ። ለማያውቁት በአጭሩ፣ ፊውል ሴል ሃይድሮጅንና የአየር ኦክሲጅንን በእሳት ሳያቃጥል ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የሚወጣው ውሃና ሙቀት ነው። እኔ የማወራው በተለይ ፕሮቶን አሳላፊ ሜምብሬን (ስስ የፕላስቲክ ሽፋን) ስላለው፣ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚሠራው ነው። የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሰርተፍኬት መስቀልን ግን እኔ ትምህርት አልለውም።

ባትሪ ይሻላል፦
አልስማማም። ይህ ቴክኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ1965 በጀሚኒ መንኮራኩር ጠፈር ደርሷል። ሚራይ የምትባለው የቶዮታ መኪና ገበያ የወጣችው በ2014 ነው። ታዲያ ዛሬ መንገድ ላይ የሚበዛው የትኛው ነው? ባትሪ። ሃይድሮጅኑም ቢሆን አብዛኛው የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ልጅ የሚያሳድግ ሰው የማታ ሰዓቱ ውድ ነው፣ ነገ እንጀራ በሚሆነው ነገር ላይ ያውለው።

ኤሌክትሮኬሚስቷ፦
ወንድሜ፣ ስለ ቤት መኪና ያልከው ልክ ነው። ግን ትምህርቱን ከመኪናው ጋር ለምን ታስረዋለህ? መጋዘን ውስጥ በፊውል ሴል የሚሠሩ ፎርክሊፍቶች (ዕቃ ማንሻ መኪኖች) አሉ። ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን የሚያወጣው ኤሌክትሮላይዘርም አንዱ ዓይነቱ ተመሳሳይ ሜምብሬን ይዞ በተቃራኒው የሚሠራ ነው፤ አንዱን በደንብ የተማረ ለሌላው እንግዳ አይሆንም። ደግሞ እስቲ ይህን አስበው፦ በንድፈ ሐሳብ አንድ ሴል 1.23 ቮልት ይሰጣል፣ ጭነት ላይ (ኤሌክትሪክ ሲሳብበት) ስታየው ግን 0.6 ወይም 0.7 ነው። የቀረው የት ገባ? ከፊሉ በኦክሲጅን በኩል ያለው ኬሚካላዊ ምላሽ በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ ይጠፋል (ፕላቲነም የሚፈለገውም በዋናነት ይህን ለማፋጠን ነው)፣ ከፊሉን የሜምብሬኑ ተቃውሞ ይበላዋል፣ ጭነቱ ሲበዛ ደግሞ ጋዙ በቶሎ አይደርስም። ይህን ሂሳብ ቁጭ ብሎ የሠራ ሰው ባትሪህም ይገባዋል።

ስታክ ፈቺ፦
እኔ ትምህርቱን አልቃወምም፣ በቪዲዮ ብቻ መማሩን ነው የምቃወመው። ሜምብሬኑ ፕሮቶን የሚያሳልፈው እርጥብ ሲሆን ነው። ሲደርቅ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ይወርዳል። ውሃ ሲበዛ ደግሞ የጋዙ መተላለፊያ ይደፈናል፣ ቮልቴጁ ይዋዥቃል፣ ከዚያ በስታኩ (ተደራርበው በተያያዙት ሴሎች) ውስጥ አንዱ ሴል ድንገት ዝቅ ይላል። ጀማሪ ሁለቱንም ስክሪኑ ላይ ሲያይ "ቮልቴጅ ቀነሰ" ብሎ ያልፋል። መፍትሔያቸው ግን ተቃራኒ ነው፦ ለደረቀው እርጥበት ትጨምራለህ፣ ውሃ ለሞላው የአየሩን ፍሰት ከፍ አድርገህ ውሃውን ገፍተህ ታስወጣለህ። አቀያይረህ ብታደርገው ሜምብሬኑን ትጎዳለህ። ይህ ፊት ለፊት ቆሞ ካልታየ አይያዝም። ሃይድሮጅን ደግሞ አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል፣ ስለዚህ የጋዝ መስመር ፍተሻን ከቪዲዮ ተማርኩ የሚለኝን ሰው እኔ ላብራቶሪ አላስገባም።

መነሻ፦
በደህንነቱ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ግን ላብራቶሪ አጠገቡ የሌለ ሁሉ ይቅርበት ካልን በሩን ለሙሉ ጊዜ ተማሪ ብቻ ከፈትነው ማለት ነው። ይሄ አይዋጥልኝም! ንድፈ ሐሳቡን ማታ ቤቱ ይማር፣ የላብራቶሪውን አንድ ሳምንት ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ይስጠው።

ባትሪ ይሻላል፦
ፈቃዱ ሲከለከልስ? ብዙ ቀጣሪ "ለኩባንያው ምን ይጠቅማል" ነው የሚለው። የዓመት ዕረፍቱን በልቶ፣ ከኪሱ ከፍሎ የሚማረውን ሰው ነው እኔ የማስበው።

የማታ ተማሪ፦
እኔ እንደዚያ ነው የተማርኩት፣ ከሜካኒካል መጥቼ። ሰዓቱ ከባድ ነው፣ አልዋሽም። የባሰው ግን ኬሚስትሪውን ከሥር መጀመሩ ነበር። ለመመዝገብ ያሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አስተማሪውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ የቮልቴጅና የከረንት ኩርባውን ተማሪው ራሱ ለክቶ ነው የሚያወጣው ወይስ ተሠርቶ በስላይድ ነው የሚቀርብለት? በስላይድ ነው ካላችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ባትሪ ይሻላል ባዩ ወንድማችንም ስለ ባትሪ ኮርሱ ይህንኑ ይጠይቅ።