የዕፅ መድኃኒት ሙሉ ክሊኒካዊ ሙከራ ሳይጨርስ ፋርማሲ ይግባን?

አወያይ፦ ለውይይት የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ሕዝቡ ለብዙ ትውልድ ሲታከምባቸው የኖሩ ዕፆች ጥራታቸውና መጠናቸው በቤተ ሙከራ ተረጋግጦ በክኒን ወይም በሽሮፕ መልክ ከተዘጋጁ፣ እንደ አዲስ መድኃኒት ሙሉውን ክሊኒካዊ ሙከራ (በሰው ላይ የሚደረገውን ፍተሻ) እስኪጨርሱ ሳይጠበቅ በፋርማሲ እንዲሸጡ ሊፈቀድ ይገባልን? ተሳታፊዎች አቋማቸውን ከነምክንያቱ እንዲያስረዱ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ሰናይት (ፋርማሲስት)፦ እንዲፈቀድ እደግፋለሁ፤ የምደግፈው ግን ለቀላል ሕመሞች ብቻ ነው። የምሠራበት ፋርማሲ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሚገኝ፣ በአንድ እጃቸው የሐኪም ማዘዣ በሌላው የባህል መድኃኒት ይዘው የሚመጡ ሰዎችን አዘውትሬ አያለሁ። በቅርቡ አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ገዝተው ሲያበቁ፣ ከመርካቶ የተገዛ ዱቄት በፌስታል እንደ ተቋጠረ አውጥተው ፊቴ ፈቱት። ቅጠሉና ግንዱ አብሮ የተወቀጠ ነበር፤ ከፊሉ የላመ፣ ከፊሉ ገና ስንጥሩ የሚታይ። የታዘዘላቸውም «ግማሽ የቡና ሲኒ» ነው። ከግፊቱ መድኃኒት ጋር ይስማማ እንደሆነ ቢጠይቁኝም የዕፁ ስም እንኳ ስላልተነገራቸው፣ ስሙን ከሻጩ ጠይቀው እስኪመለሱ ድረስ እንዳይወስዱት ከመለመን በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። እኛ ብንፈቅድም ብንከለክልም እኒህ እናት ዱቄቱን መግዛታቸው አይቀርም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መመሪያ ቢያንስ 30 ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ 15ቱን በኅብረቱ አገሮች ያገለገለ የዕፅ መድኃኒት አዲስ ክሊኒካዊ ሙከራ ሳይጠየቅ እንዲመዘገብ ፈቅዷል። ፈቃዱ ያለ ሐኪም ክትትል ሊታከሙ ለሚችሉ ሕመሞች የተወሰነ ነው፤ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት አይካተትም፤ ጥራቱም እንደማንኛውም መድኃኒት መረጋገጥ አለበት። ለዳማከሴ፣ ለጦስኝና ለመሳሰሉት ይህን የመሰለ ጠባብ በር ብንከፍት ከአሁኑ ሁኔታ የከፋ ነገር ይመጣል ብዬ አላምንም።

ዶ/ር መላኩ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)፦ እኅት ሰናይት ያነሱትን ችግር እኔም በየቀኑ አየዋለሁ፤ በመፍትሔው ግን አልስማማም። «አባቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረዋል» የሚለው ማስረጃ የሚነግረን ዕፁ በዚያው ሌሊት ሰው አለመግደሉን ነው። ዛሬ የተጠጣ መድኃኒት ከዓመታት በኋላ ኩላሊትን ቢያደክም፣ ጉዳቱን ከዕፁ ጋር የሚያገናኝ አዋቂም ሆነ ቤተሰብ አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅ የተሰጣቸው ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸው ከጥቅም ውጭ ሆኗል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ይዟቸዋል። ምክንያቱ የታሰበው ዕፅ አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ባለበት በሌላ ዕፅ መተካቱ ነበር። ያ የሆነው በመንደር ሳይሆን በክሊኒክ ውስጥ ነው። የእኛኑ ኮሶ እንውሰድ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት እስከ መስፈር የደረሰ ቢሆንም፣ መጠኑ ሲበዛ የሚያስከትለውን ጉዳት የማያውቅ የለም። ፋርማሲ ውስጥ የተቀመጠን ነገር ሕዝቡ «ተመርምሮ የተፈቀደ» ብሎ ይወስደዋል፤ በማሸጊያው ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ ማሳሰቢያ ይህን እምነት አይለውጠውም።

ሄርሜላ (የመድኃኒት ቅመማ ተመራማሪ)፦ ሁለታችሁም ስለ ፈቃድ ስትከራከሩ፣ ከፈቃድ በፊት ስለሚመጣው ሥራ ብዙ አልተነገረም። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ያልሆነን ነገር በሰው ላይ መሞከር አይቻልም፤ ቢሞከርም ውጤቱ የዚያን ቀን ዱቄት ውጤት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዶክተር የሚጠይቁት ክሊኒካዊ ሙከራም፣ ሰናይት የሚጠይቁት ምዝገባም ሁለቱም በቅመማ ጥናት፣ ማለትም ዕፁን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ወደ ሆነ ክኒን ወይም ሽሮፕ በመለወጥ ጥናት ላይ የሚቆሙ ናቸው፤ የአገራችን ጥናት የሳሳውም እዚያ ላይ ነው። ብዙዎቹ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን የዕፁን ጭማቂ በባክቴሪያ ወይም በአይጥ ላይ ሞክረው «ተስፋ ሰጪ ነው» ብለው ያበቃሉ፤ ከዚያ ወደ ክኒን የሚወስደውን አድካሚ መንገድ የሚጀምረው ጥቂት ሰው ነው።

መንገዱ ምን እንደሚመስል ሜጠሬ በተባለው ዕፅ ላስረዳ። ፍሬው ለኮሶ ትል ማስወጫነት ሲያገለግል የኖረ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ከፍሬው የወጣውን ኤክስትራክት (ጭምቅ) ወደ ክኒን ለመለወጥ ሲነሡ፣ የገጠማቸው ኤክስትራክት እርጥበት የሚስብና የሚጣበቅ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በክኒን መምቻ ማሽን ላይ እየተለጠፈ ያስቸግራል፤ ክኒን ቢወጣውም ክብደቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል። እነርሱም በሲሊካ ዱቄት ላይ አስርገው፣ በሮለር ጨምቀው ወደ ጥራጥሬ ከለወጡት በኋላ ክኒኑን ጨጓራ ውስጥ በማይሟሟ ሽፋን ሸፍነውታል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። እንዲህ ያለ ሽፋን በአሲድ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሳይሰነጠቅ ቆይቶ አንጀት በሚመስል ፈሳሽ ውስጥ መፈታት ይኖርበታል። ከዚያም በ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀትና በ75 በመቶ እርጥበት ስድስት ወር አቆይቶ አለመበላሸቱን ማየት አለ። ይህ ሁሉ ሲደረግ አንድም ሕመምተኛ ገና አልተነካም።

ዝርያውም ከባድ ጥያቄ ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ካዩ በኋላ፣ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን አነጻጽረው ኢ-44 የተባለውን መርጠዋል፤ እንዶድ ሁሉ እኩል አይሠራምና። አዘገጃጀቱም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከአርቴሚዝያ ቅጠል የወባውን መድኃኒት ያገኙት፣ ሙቀት የቅጠሉን ኃይል እንደሚያጠፋ ተረድተው ኤተር በተባለ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት በማውጣታቸው ነው። ያው ቅጠል በጀበና ቢፈላ ስንት መጠን እንደሚሰጥ የሚያውቅ ስለሌለ የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን ለወባ አይመክርም።

በነካ እጄ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከእንሰት የሚገኘው ስታርች ክኒንን ለማያያዝም፣ ሆድ ውስጥ ሲደርስ እንዲበተን ለማድረግም እንደሚያገለግል እ.ኤ.አ. በ1996 የታተሙ የአገራችን ተመራማሪዎች ጥናቶች አሳይተዋል። ቡላ የሚያመርት አገር የክኒን ስታርች በውጭ ምንዛሪ ማስመጣቱ ያሳዝነኛል። ለጥያቄው የእኔ መልስ፣ ቅመማው ያለቀለት ዕፅ ለቀላል ሕመም በጊዜያዊ ፈቃድ ይግባ፣ ሙከራውም ጎን ለጎን ይቀጥል የሚል ነው።

ጌታነህ (የባህል መድኃኒት አዋቂ ልጅ)፦ አባቴ ዕውቀቱን ለመስጠት የማይፈልግ ሰው አይደለም፤ ከሰጠ በኋላ የሚሆነውን ግን ይፈራል። እኅቴ ሄርሜላ እንዶድን አንሥተዋል፤ ያንኑ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ ለመግደል እንዲውል የባለቤትነት መብት ያወጣበት የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ ከዕውቀቱ ጥቅም የመካፈል መብት አለው፤ ነገር ግን ተመራማሪ ወደ አባቴ ደጅ መጥቶ ሲጠይቅ ይህን አዋጅ አንሥቶ አያውቅም። ዕፁ ፋርማሲ ሲገባ አባቴ በክኒኑ ላይ ምን ድርሻ ይኖረዋል? ይህ ካልተመለሰ አዋቂዎቹ የዕፁን ስም ይደብቃሉ፤ የተደበቀ ዕፅ ደግሞ ለምርመራም አይገኝም።

ሄርሜላ፦ አቶ ጌታነህ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው። ጥቅሙን የመካፈሉ ስምምነት ሰነድ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ይፈረም፤ ያለዚያ ሰነድ የቀረበን የምርምር ንድፍም የሥነ ምግባር ኮሚቴው አይቀበል። ዕፁ የሚለቀምበትን ወቅትና ክፍሉን የሚያውቁት አባትዎ ስለሆኑ፣ ያለ እርሳቸው የጥራት መስፈርቱንም መጻፍ አንችልም።

ሰናይት፦ ዶክተር፣ ፋርማሲዎች የጎንዮሽ ጉዳት የሚያሳውቁበት ቅጽ አለ። የተመዘገበ የዕፅ ክኒን ጉዳት ቢያስከትል እሞላለሁ፤ ስለዚያ ፌስታል ግን ምን ብዬ ልሙላ?

ዶ/ር መላኩ፦ ስለ ፌስታሉ ያሉት እውነት ነው። ቢሆንም በክኒኑ ማሸጊያ ላይ የዕፁ ሳይንሳዊ ስም፣ የተለቀመበት ቦታና የምርት መለያ ቁጥሩ ካልተጻፈ፣ ኩላሊትና ጉበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቢያንስ በእንስሳት ላይ ለወራት ካልተጠና፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናትም እንዳይሸጥ ካልተከለከለ፣ እርስዎ የሚሞሉት ቅጽ የሚደርሰን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ሄርሜላ ያሉት ጊዜያዊ ፈቃድ እነዚህን ሦስቱን አሟልቶ ተጽፎ ሲቀርብ አነበዋለሁ፤ እስከዚያው ድምፄ «አይፈቀድ» ላይ ይቆያል።