የበቆሎ መጠበቂያ ማማ ልሠራ ነው፤ ለእንጨት ሥራ ጀማሪ ነኝ፣ እግሩንና ማያያዣውን ምከሩኝ

ጥቁር_ውሃ_ዳር

ሰላም ለቤቱ። ሐዋሳ ዙሪያ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ የበቆሎ ማሳ ላይ የእንጨት ማማ ልሠራ ነው። ቀን ጦጣ፣ ማታ የዱር አሳማና ጃርት ያስቸግራል፤ አልፎ አልፎም ጉማሬ ከሐይቁ ይወጣል። ያሰብኩት ወለሉ 1.5 በ1.5 ሜትር፣ ከመሬት 4 ሜትር ከፍ ያለ፣ አራት የባህር ዛፍ እግር ያለው፣ ከላይ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ሁለት ሰው ይቀመጥበታል። መጋዝ፣ መዶሻ፣ መሮ እና የተውሶ ትራፓኖ (መብሻ) አለኝ።

አጣናው ምን ያህል ውፍረት ይኑረው? ሚስማር ብቻ ይበቃል ወይስ ብሎን የግድ ነው? ምስጡንስ ምን ላድርገው? አፈሩ አሸዋማ ስለሆነ ሲቆፈር ይናዳል። እንጨቱን ገና አልገዛሁም።

አናጺ_አቶቴ

ከእንጨቱ በፊት ከፍታው ላይ እንነጋገር። 4 ሜትር ምን ያደርግልሃል? የደረሰ በቆሎ ቢበዛ 2 ሜትር ተኩል ግድም ነው። ወለሉን 2.5 ሜትር ላይ ብታደርገው፣ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ 3.7 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ማሳውን ከላይ ወደ ታች ያየዋል። ከዚያ በላይ የምትጨምረው ሜትር እይታውን ብዙም አያሻሽለውም፣ ወጪውንና አደጋውን ግን ያበዛዋል። ማማው በረዘመ ቁጥር ንፋስ ሲገፋው ሥሩ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይጨምራል። ለጀማሪ 2.5 ይበቃል፣ ከዚህ በታች የምሰጥህ ልክም በዚያው ነው።

እግሩ ወለሉ በሚያርፍበት ቦታ 12 ሳ.ሜ፣ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ደግሞ ከ10 ሳ.ሜ ያላነሰ ይሁን። ሻጭ ሁልጊዜ የሚያሳይህ ወፍራሙን ጫፍ ነው፤ አንተ ሜትርህን ይዘህ ወደ ቀጭኑ ሂድ። ፊት ለፊት የሚቆሙት ሁለቱ 5.2 ሜትር ይሁኑ፦ 80 ሳ.ሜ መሬት ውስጥ፣ 2.5 ሜትር እስከ ወለል፣ 1.9 እስከ ጣሪያ። የኋላዎቹ 4.9 ሜትር ይሆናሉ፤ የ30 ሳ.ሜ ልዩነቱ ለጣሪያው ተዳፋት ነው። እግሩን ወደ ውስጥ አዘንብሎ መትከል ያጠነክራል የሚሉህ አልዋሹም፤ ግን እያንዳንዱን አግዳሚ በተለያየ ልክና ማዕዘን መቁረጥ ይመጣብሃል። ለመጀመሪያ ሥራ በቱንቢ (ክር ላይ በተንጠለጠለ ክብደት) ቀጥ አድርገህ ትከል፣ ጥንካሬውን ከሰያፉ፣ ማለትም ከእግር ወደ እግር አጋድሞ ከሚመታው እንጨት ታገኘዋለህ።

ከመቆፈርህ በፊት በችካልና በሲባጎ 1.5 በ1.5 አውጣና ከማዕዘን ማዕዘን ለካ። ሁለቱም ሰያፍ 2 ሜትር ከ12 ሳ.ሜ ካልመጣ ካሬ አይደለም፤ እዚያ ላይ የተዛባ ነገር ወለሉ ላይ ስትደርስ ጣውላ ሁሉ አልገጥም ይልሃል። ጉድጓዱ 90 ሳ.ሜ ይጥለቅ፣ ከታች 10 ሳ.ሜ ጠጠር ይግባበት፣ እግሩ ጠጠሩ ላይ ይቁም። ለሚናድ አፈር ቀላሉ ዘዴ ማታ ውሃ አጠጥቶ ጠዋት መቆፈር ነው፤ እርጥብ አሸዋ ይይዛል። ያም ካልሆነ ታችና ላዩ የተቆረጠ በርሜል አስቀምጠህ ውስጡን ቆፍር፣ በቆፈርክ ቁጥር እየሰመጠ ግድግዳውን ይይዝልሃል። ስትመልስ አፈሩን አንድ ጊዜ አትገልብጠው፤ 15 ሳ.ሜ እየሞላህ፣ እያረጠብክ በደንብ ጠቅጥቀው። በላላ አፈር የቆመ እግር የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ይዘማል።

አሁን ዋናው። ወለሉን የሚሸከሙት ሁለት 5 በ10 ሳ.ሜ የሆኑ፣ 1.8 ሜትር ርዝመት ያላቸው እንጨቶች ናቸው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። በቁመታቸው ይቁሙ፣ በጠፍጣፋቸው እንዳታስተኛቸው። ያው አንዱ እንጨት በ10ሩ ሲቆም በ5ቱ ከተኛው አራት እጥፍ ጎባጭነትን ይቋቋማል። እግሩ ላይ በመጋዝና በመሮ 3 ሳ.ሜ የሚገባ እርከን አውጣለትና ተሸካሚው እዚያ ላይ ይቀመጥ። ሸክሙን የሚይዘው እርከኑ ነው፣ ብሎኑ እንዳይወጣ ብቻ ይከለክለዋል። እርከን ሳይወጣለት በብረት ብቻ የተንጠለጠለ ወለል ሙሉ ክብደቱ ሚስማሩ ላይ ነው። ከ3 ሳ.ሜ በላይ ግን አትቁረጥ፤ እግሩን ራሱን ታደክመዋለህ።

በተሸካሚዎቹ ላይ አምስት 5 በ7 ሳ.ሜ ሞራሌ (ጣውላው የሚመታበት እንጨት) በየ37 ሳ.ሜ ደርድር፣ እነሱም በቁመት። በነሱ ላይ 2.5 ሳ.ሜ ውፍረትና 15 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ጣውላ፣ አስር ይበቃሃል። በጣውላዎቹ መካከል ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተው። ገጥመህ ከመታኸው ውሃ ይተኛበታል፣ ሲያብጥም ተገፋፍቶ ሚስማሩን ይነቅላል።

ከወለሉ በታች በአራቱም ጎን የኤክስ ሰያፍ፣ በጠቅላላው ስምንት እንጨት፣ እያንዳንዱ 2.8 ሜትር። አንዱን ከእግሩ ውጭ፣ ሌላውን ከውስጥ ምታ፤ ሁለቱን በአንድ ገጽ ለማስኬድ መሀል ላይ መቁረጥ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር የወደቀ ማማ ሲታይ እግሩ የተሰበረ እምብዛም ነው። አራቱ እግር ተያይዞ ወደ አንድ ጎን ተኝቶ ነው የሚገኘው፣ ሰያፍ ስላልነበረው። አጣናውን ከ12 ወደ 15 ሳ.ሜ ለማሳደግ ገንዘብ ካለህ ለሰያፉ አውለው።

የፒያሳ_ብረት

በሚስማሩ ጉዳይ፦ ወለሉ በሚስማር፣ ተሸካሚውና ሰያፉ በብሎን። ሁሉንም በሚስማር ጨርሰው የሚሉህ አሉ፤ እርጥብ ባህር ዛፍ ሲመታ ሚስማሩን አንቆ ይይዛል፣ ሲደርቅ ግን ይሸሽና ሚስማሩ ቀዳዳው ውስጥ ይላላል። ያን ጊዜ ማማው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ብሎን ቢላላ በቁልፍ ታጠብቀዋለህ፤ የላላ ሚስማርን መልሰህ ብትመታው ከሳምንት በላይ አይቆይም።

ለተሸካሚው አራት ባለ 12 ሚሊ ብሎን፣ 18 ሳ.ሜ ርዝመት። ለሰያፉ ጫፎች አስራ ስድስት ባለ 10 ሚሊ፣ 20 ሳ.ሜ። ያን ያህል ረጅም ብሎን ካጣህ ሙሉውን ጥርስ የወጣለትን ዘንግ ገዝተህ በልክህ ቁረጠውና በሁለቱም ጫፍ ዳዶ (የብሎን ማሰሪያ) አስገባለት። ሮንዴላ (ከዳዶው ሥር የሚገባው ቀለበት ብረት) በሁለቱም ወገን፣ ሰፊውን። ያለ ሮንዴላ ዳዶው እንጨቱ ውስጥ ይሰምጥና ያጠበቅከው ይመስልሃል እንጂ አልጠበቀም። ፑንታው (የትራፓኖው መብሻ ብረት) ከብሎኑ በ1 ሚሊ ቢሰፋ ነው ልኩ፤ 2 እና 3 ሚሊ ከሰፋ መገጣጠሚያው ከመጀመሪያውኑ ይጫወታል።

ለጣውላው ባለ 7 ሳ.ሜ ሚስማር አንድ ኪሎ፣ በእያንዳንዱ ሞራሌ ላይ ሁለት ሁለት። ከጫፍ ሲቀርብ ጣውላው ይሰነጠቃልና መጀመሪያ ከሚስማሩ ቀጠን ባለ ፑንታ ብሳው። ደረቅ ባህር ዛፍ ላይማ ሳትበሳ ብትመታ ሚስማሩ ነው የሚታጠፈው።

በገመድና በልጥ ማሰርም የቆየ ዘዴ ነው፤ ለአንድ ክረምት ማማ አይከፋም። እንጨቱ ሲሸሽ ግን ማሰሪያው ይላላል፣ በየጊዜው መጠምዘዝ ይፈልጋል።

ግብርና_ነኝ

ምስጡ ላይ ልጨምር። መጀመሪያ ልጡን ሙሉ በሙሉ ላጥ። ልጥ ያለው አጣና ከልጡ ሥር እርጥበት ይይዛል፣ ምስጡም ተሸሽጎ ይሄድበታል። ቀይና ነጭ ባህር ዛፍ እኩል አይደሉም፤ መሬት ለሚነካ ሥራ ቀዩ በተሻለ ይቆያል። ጽድ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ምስጥ አይደፍረውም፣ ዋጋው ግን ለማማ የሚሆን አይደለም።

እንጨት የሚበሰብሰው ጉድጓዱ ጥልቅ ቦታ ላይ ሳይሆን ከመሬቱ ገጽ ላይ ነው፣ እርጥበትና አየር አንድ ላይ የሚያገኘው እዚያ ነው። ስለዚህ ሲሚንቶ ከሞላህ አፉን ከመሬት 5 ሳ.ሜ ከፍ አድርገህ ዙሪያውን ወደ ውጭ አዘቅዝቀው። ከመሬት እኩል ወይም ዝቅ ያለ ሲሚንቶ በእንጨቱና በኮንክሪቱ መሀል ውሃ ያቁራል፣ ባዶ አፈር ከነበረው ቀድሞ ያበሰብሰዋል። ከታች ያለው ጠጠር ደግሞ ክፍት ይቆይ፤ በሲሚንቶ አትድፈነው፣ ውሃው መውጫ ይፈልጋል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። ሥራው ላዩ ላይ ብቻ ነው፣ ስንጥቅ ሲከፈት ምስጡ በዚያው ይገባል። ሐይቁም ጉድጓድ ውሃም ቅርብ ከሆነ ተወው፤ አፈሩን ይበክላል።

የሚያስተማምነው እንጨቱን ከመሬት ማራቅ ነው። 40 በ40፣ 60 ሳ.ሜ ጥልቀት ያለው ኮንክሪት በአንድ ሲሚንቶ ለሁለት አሸዋ ለአራት ጠጠር ሙላ፣ ሁለት ጠፍጣፋ ብረት ትከልበት፣ እግሩን በብረቶቹ መሀል ከኮንክሪቱ 5 ሳ.ሜ ከፍ አድርገህ በሁለት ብሎን እሰረው። ለአራቱ ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል፣ እግሩም በ80 ሳ.ሜ ያጥራል። ግን ልብ በል፦ በዚህ አሠራር መሬቱ እግሩን ቀጥ አድርጎ አይዝልህም፣ መወዛወዝን የሚከለክለው ሰያፉ ብቻ ነው። ሰያፉን እስክትጨርስ ማንም እንዳይወጣበት።

የትኛውንም ብትመርጥ በየሳምንቱ እግሩን ዞር ብለህ እይ። ከመሬት ወደ ላይ የሚወጣ የጭቃ መስመር ካየህ ምስጥ ነው፤ ፍቀው፣ ዙሪያውን አረምና ገለባ አጽዳ።

ጥቁር_ውሃ_ዳር

እግዜር ይስጥልኝ። በ2.5 እሠራለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ የሚሸጡልኝ አጣና ትናንት የተቆረጠ እርጥብ ነው፣ ልጠብቅ? መሰላሉንስ እግሩ ላይ በሚስማር ብመታው?

አናጺ_አቶቴ

ጊዜ ካለህ ልጠህ፣ ጫፎቹን የተረፈ ዘይት ቀለም ቀብተህ፣ ከመሬት አንስተህ ጥላ ውስጥ ደርድረው ሁለት ሦስት ወር ይቆይ። ቀለሙ ለውበት አይደለም፤ ጫፉ ከመሀሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ የሚሰነጠቀው ከዚያ ነው። ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው ጠምዝዞ ቁጭ ይላል። በቆሎው የማይጠብቅህ ከሆነ በእርጥቡ ሥራው፣ ግን በብሎን፣ ከዚያ ከወር በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ዳዶዎቹን ሁሉ አጥብቅ።

መሰላል እግሩ ላይ አትምታ። ቀጥ ብሎ የቆመ መሰላል ላይ እጅህ ላይ ዕቃ ይዘህ መውጣት አደጋ ነው። ለብቻው ሥራው፦ ሁለት ቋሚ፣ በመሀላቸው 45 ሳ.ሜ፣ ስምንት መወጣጫ በየ28 ሳ.ሜ። ርቀቱ አንዱ ከሌላው እኩል ይሁን፤ ማታ በጨለማ የሚወርድ እግር የለመደውን ልክ ነው የሚፈልገው። መወጣጫውን ቋሚው ላይ ትንሽ እርከን አውጥተህ አስቀምጠው፣ ከዚያ ምታው። ሥሩ ከማማው 60 ሳ.ሜ ግድም ይራቅ፣ ጫፉ ከወለሉ በላይ 90 ሳ.ሜ ይውጣ፣ ስትወጣና ስትወርድ የምትይዘው እሱን ነው። ላዩን ተሸካሚው ላይ እሰረው።

መከለያው 1 ሜትር ከፍታ፣ በ50 ሳ.ሜ ላይ ሌላ አግዳሚ፣ ወለሉ ጠርዝ ላይ ደግሞ 10 ሳ.ሜ ጣውላ፣ ባትሪና ወንጭፍ ተንከባሎ ታች እንዳይወርድ።

ጣሪያው፦ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ ሁለት። ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ በየወገኑ 25 ሳ.ሜ ይተርፋል፣ ጎኑ ላይ ግን ትርፍ የለውም። ሦስተኛ ጨምሬ ላስፋው እንዳትል፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ንፋስ ሲነሳ ሰፊ ቆርቆሮ ለማማ ሸራ ነው፣ ነቅሎ ይሄዳል። ወራጆቹን (ቆርቆሮውን የሚሸከሙትን እንጨቶች) በሚስማር ብቻ አትተዋቸው፣ እግሩ ላይ በጥቁር ሽቦ ድርብ አድርገህ ጠምዝዛቸው። የቆርቆሮ ሚስማር ጉብታው ላይ ነው የሚመታው፣ ሸለቆው ላይ ከመታኸው በዚያው ያፈሳል።

ታቦር_ግርጌ

ስለ ቦታው ማንም አላነሳም። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ሲወጣ የለመደው መንገድ አለው፣ ሣሩ ተረግጦ የተከፈተ ሰፊ ዱካ ታያለህ። ማማውን በዚያ መንገድና በሐይቁ መሀል አትትከል። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን እንስሳ ደንግጦ ወደ ውሃ ሲሮጥ የ12 ሳ.ሜ አጣና አይመልሰውም። ከዱካው ራቅ ብሎ፣ መሰላሉ ወደ ማሳው ውስጥ የዞረ ይሁን። ጉማሬ ማሳ ውስጥ እያለ ከማማ አትውረድ፤ ከላይ ሆነህ ጩህ፣ ባትሪ አብራ፣ ቆርቆሮ አንኳኳ።

ለአሳማ ደግሞ ንፋሱን እይ። ዓይኑ ደካማ፣ አፍንጫው ብርቱ ነው። ነፋሱ ከማማው ወደ እሱ የሚነፍስ ከሆነ ሽታህ ቀድሞህ ይደርስና በሌላ ጎን ዞሮ ይገባል።

ማማው ለመጠበቅ ይሁን። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ ያስጠይቃል፤ በቆሎዬን በላብኝ ማለት ፈቃድ አይሆንም። ጉዳቱ ከበዛ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አመልክት።

መብረቅ ሲኖር ውረድ፣ ገና ነጎድጓዱ ከሩቅ ሲሰማ። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ቆርቆሮ የለበሰ ማማ ስር መጠለልም አይሆንም፤ ቤት ግባ።