የጋራ ዕቅድ ረቂቅ፦ ወርሃዊ ለጋሾቻችን እንዳይበተኑ

ጸሐፊ፦ ረቂቁን ዛሬ እንጨርስ። ኑሮ ሲከብድ ወርሃዊ ለጋሹ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ከወጣ በኋላ መመለስ ያፍራል። ስለዚህ ለ3 ወር አቁሞ እንዲመለስ «የመዋጮ ዕረፍት» እንስጠው። መቀነስ የፈለገም ይቀንስ።

ሒሳብ ያዥ፦ እስማማለሁ። ድምሩ አያታልላችሁ። ድምሩን የያዙት ጥቂት ትልልቅ ሰጪዎች ናቸው። ትንንሾቹ ሲሄዱ ቶሎ አይታወቅም። ከትልልቆቹ አንዱ የወጣ ዕለት ግን አለቀልን።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ዕረፍት? ዜና ዕረፍት ልታነቡልን ነው?

ምክትል፦ ጋሼ፣ ዕረፍት ለተማሪም ይሰጣል።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ተማሪዎች አይደሉም።

ፕሮጀክት ክፍል፦ «የእፎይታ ጊዜ» እንበለው።

ሒሳብ ያዥ፦ እሱ የባንክ ነው። ያበደርናቸው ያስመስላል።

ፕሮጀክት ክፍል፦ ፋታ?

ኦዲተር፦ እስከዛሬ ፋታ ነስተናቸዋል ማለት ነው?

አዲስ አባል፦ ቃሉን ተዉትና ለምን እንደሚሄዱ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሥራ አጥ ነበራት። ለኢትዮጵያ ረሃብ የተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ገንዘብ የተሰበሰበው በዚያው ዓመት ነው። ሰው ስለቸገረው ብቻ እጁን አያጥፍም። ድንገተኛ መከራ በዓይኑ ካየ ይሰጣል። እኛ የምንሠራው ቀስ እያለ በሚጨርስ ችግር ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ አይታይም።

ምክትል፦ እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ አሜሪካ ውስጥ ልገሳ ወርዷል።

አዲስ አባል፦ እ.ኤ.አ. በ2020 ግን እዚያው አገር፣ በወረርሽኙ መሀል፣ 471 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሰጥቷል።

ምክትል፦ ያኔ መንግሥት ለሕዝቡ ገንዘብ አድሏል። የወደቀው የአክሲዮን ገበያም በወራት ውስጥ ተነሥቷል። አታወዳድሪው።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ የቃሉ ነገር አልተፈታም። እኔ ስመራ አንድም ለጋሽ አላሳረፍኩም።

ሒሳብ ያዥ፦ በእርስዎ ጊዜ ስንቱ ሹልክ እንዳለ መዝገቡ እኔ ጋ አለ።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ አውጣዋ! እዚሁ ለጥፈው!

ጸሐፊ፦ ኧረ በፈጠራችሁ!

ሒሳብ ያዥ፦ ተናድጄ ነው ጋሼ፣ ይቅርታ።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ይሁን። ዕረፍት ግን አይባልም።

ጸሐፊ፦ ላቆሙት ማን ይደውላል? ባለፈው 4 ሰው እጅ አውጥቶ ነበር።

ጸሐፊ፦ ከጠየቅኩ 2 ቀን ሆነ። አንድም ሰው የለም?

ፕሮጀክት ክፍል፦ መስክ ላይ ነኝ፣ ኔትወርክ የለም።

ኦዲተር፦ እኔ ገንዘብ ከጠየቅኩ እኔን ማን ይቆጣጠራል?

ምክትል፦ ስልኩ ይቅር። የምስጋና ቀን እናዘጋጅና ሲመጡ በአካል እንንገራቸው። ቃልም አያጣላንም።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ይሄ ጥሩ ነው። ንግግሩን ለእኔ ተዉት።

ሒሳብ ያዥ፦ የአዳራሹ ወጪስ?

ምክትል፦ ትልልቆቹን ሰጪዎች እንጠይቃለን።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ «የምስጋና ቀን» ብዬ አስገብቻለሁ። የ3 ወሩ ነገር አባሪ ላይ ገብቷል። ርዕሱን ለጊዜው ባዶ ትቼዋለሁ።