የወይን ሐረጌ ቅጠል ብቻ ሆነብኝ፤ ብርድ በሌለበት ቦታ እንዴት ያፈራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ዘር አልባውን ቶምሰን ወይን ከተከልኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። የምኖረው ሙቀት በበዛበት ቦታ ነው፤ ሌሊቱ እንኳ ከ14 ዲግሪ በታች አይወርድም። በየዓመቱ በየቅርንጫፉ ሁለት ሁለት አይን (አዲስ ቀንበጥ የሚወጣበትን እብጠት) እያስቀረሁ እገርዘዋለሁ። የጫፉ አይን ይፈነዳል፣ የታችኛው እንደተኛ ይቀራል፤ ዘለላ ግን አንድም አላየሁ። ልንቀለው ወይስ ተስፋ አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትነቅለው! ፍሬውን በመቀስ ቆርጠህ የምትጥለው ራስህ ነህ። ቶምሰን ከሥር ያሉት አይኖቹ ቅጠል እንጂ ዘለላ እምብዛም አይሰጡም፤ የሚያፈሩት ከፍ ብለው ያሉት ናቸው። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ቡናማ የሆነ ቅርንጫፍ ምረጥና ከ10 እስከ 12 አይን ተውለት። ከዚያ ጎንበስ አድርገህ ሽቦው ላይ እሰረው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ጫፉ ብቻ ይፈነዳል፤ ሲጎብጥ የመሀሎቹም ይነቃሉ።

መልስ፦ ስለ ብርዱ ልጨምር። ወይን ከ7 ዲግሪ በታች ጥቂት መቶ ሰዓት ካገኘ አይኖቹ እኩል ይነቃሉ። ካላገኘም አይሞትም፤ ዕረፍቱን አንተ ትሰጠዋለህ። በደረቁ ወራት ውሃውን ለሦስት አራት ሳምንት ቀንስ፣ የቀረውን ቅጠል በእጅህ መልምል፣ ከዚያ ገርዘህ በደንብ አጠጣ። በብራዚል የሳን ፍራንሲስኮ ወንዝ ሸለቆ ብርድ ሳይኖር በዓመት ሁለቴ ወይን ይለቀማል፤ እዚያም ወቅቱን የሚወስኑት መስኖና መግረዝ ናቸው።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት አንድ የተኛ አይን በምላጭ ሰንጥቄ አየሁት፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ሃይድሮጅን ሲያናማይድ የሚባል መድኃኒት ይቀሰቅሰዋል ሲሉም ሰምቻለሁ።

መልስ፦ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው፤ የሞተው ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ስለ መድኃኒቱ የሰማኸው እውነት ነው፣ ትልልቅ እርሻዎች እንደገረዙ ይጠቀሙበታል። ግን መርዝ ነው። ቆዳ ያቃጥላል፤ በነካው ሰሞን አልኮል የቀመሰ ሰው ደግሞ ክፉኛ ይታመማል። እባክህ ለአንድ ሐረግ ብለህ ቤትህ አታስገባው።

መልስ፦ መጀመሪያ የመለስኩት ነኝ፤ ዋናውን ረስቼዋለሁ። የሚቀጥለው ምርት ዘለላ የሚጠነሰሰው አሁን ባለው ቅርንጫፍ አይን ውስጥ ነው፣ ለዚያም ፀሐይ ይፈልጋል። ጥላ ውስጥ ያደገውን ቅርንጫፍ ብታስቀር እንደገና ቅጠል ብቻ ታያለህ። ስለዚህ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ምረጥ፤ ቅጠሉ ሲበዛም አሳሳው።

መልስ፦ ሌላ ሐረግ ካሰብክ ፓሽን ፍሩት ብርድ አይጠይቅም። ቢጫውን ከመረጥክ ከተለያየ ዘር የበቀሉ ሁለት ተክሎች ያስፈልጉሃል፤ በራሱ ብናኝ አያፈራም። ኪዊን ተወው፣ ብዙ ብርድ ይፈልጋል።

ጠያቂው፦ ከገረዝኩ በኋላ መቼ ልጠብቅ?

መልስ፦ አይኖቹ በሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይፈነዳሉ። ለጋው ቀንበጥ ስንዝር ሲሞላ ከቅጠሉ ትይዩ ተመልከት፤ ጥቃቅን አረንጓዴ እንክብሎች የያዘች ዘለላ ካለች እዚያው ታገኛታለህ። ከዚያ ወዲህ ውሃ አታቋርጥበት።