«አመቻቹ» ማለት ምን ማለት ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ወንድማችን «መንግሥት ፍርድ ቤት አልጣሰም፤ አመቻቹ እንጂ አምጡ አልተባለም» አለ። ከኤል ሳልቫዶር የመጣውን የኪልማር አብሬጎ ጋርሲያን ጉዳይ ማለቱ ነው። ሌሊቱን ሲያንገበግበኝ አደረ። ሰውየው እዚሁ ሜሪላንድ ነበር የሚኖረው። በ2019 የኢሚግሬሽን ዳኛ ወደ ኤል ሳልቫዶር እንዳይመለስ ከልክሎለታል። ማርች 15 ቀን 2025 ግን የአሜሪካ መንግሥት ሰዎች ጭነው ወደዚያው እስር ቤት ወሰዱት። መንግሥት ራሱ በስህተት እንደሆነ ለፍርድ ቤት አምኗል። የሜሪላንዷ ዳኛም መመለሱን «አመቻቹ፣ አስፈጽሙ» ብላ አዘዘች። የተሳሳተ አይመልስም?

ታክሲ ነጂው፦ ያልኩት እኔ ነኝ እህቴ፣ አልደብቅም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኤፕሪል 10 ያለውን አንብቢ። «አመቻቹ» የሚለውን አጸደቀ። «አስፈጽሙ» የሚለውን ግን ግልጽ ይሁን ብሎ ለዳኛዋ መለሰው። ሰውየው ያኔ የነበረው በሌላ አገር እስር ቤት ነው። የሜሪላንድ ዳኛ ኤል ሳልቫዶርን ታዛለች?

ነገረ ፈጁ፦ ኤል ሳልቫዶርን ማን አዘዘ? የታዘዘው ዋሽንግተን ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልኪንሰን ፕሬዚዳንት ሬገን የሾማቸው ወግ አጥባቂ ናቸው። እሳቸው እንኳ «ማመቻቸት» እርምጃ መውሰድን ይጠይቃል ብለው ጻፉ። መንግሥት ግን ቃሉን «ከመጣ እናስገባዋለን» ወደሚል አወረደው። ከእስር ቤት ማን አውጥቶ በር ላይ ያድርሰው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ «ሁኔታዎች ሲመቻቹ እንጠራዎታለን»! አባቴ ለቤት ካርታ ዓመታት የተመላለሰባት ቃል ናት። ፋይሉን በፌስታል ይዞ ይሄዳል። የሠራተኛው ጃኬት ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ሰውየው የለም። አብሬው እየሄድኩ ያየሁት ነው። ለዚህ ነው ቃሉ የሚያመኝ።

የአዲስ አበባው፦ ካርታስ ደህና። እዚህ ዳኛ በዋስ ይለቀቅ ብሎ፣ ፖሊስ ከበር ላይ መልሶ ወደ ሌላ ጣቢያ ይወስደዋል። እናንተ ጋ ቢያንስ መንግሥት ቀርቦ ይከራከራል።

ታክሲ ነጂው፦ አገር ቤትን እዚህ አታምጡ። እኔ ወረቀቴን ወረፋ ጠብቄ ነው ያገኘሁት። እሱ ድንበር ሾልኮ ነው የገባው።

ነገረ ፈጁ፦ አገባቡ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ትእዛዝ ይከበራል ወይ ነው። ደግሞስ «በእጃችን የለም» ሲሉ አልነበር? የክስ ወረቀት ሲያዘጋጁለት ጊዜ ጁን 6 ይዘውት መጡ። ለክስ ሲሆን ተመቻቸ።

ታክሲ ነጂው፦ መጣ አይደል? ታዲያ ተፈጸመ ማለት ነዋ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካዘዘ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው! ሚስቱን እዚያ ቦታ አስቀምጠህ ቁጠረው እስኪ ወንድሜ።

የአዲስ አበባው፦ ከአሜሪካ ተባረው ወደ ደቡብ ሱዳን የተጫኑት ስምንት ሰዎችስ? በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የቦስተኑ ዳኛ መርፊ፣ ሰዎችን አቤቱታ ሳታሰሙ የራሳቸው ወዳልሆነ አገር አትላኩ ያልኩት ትእዛዝ ተጥሷል አሉ። ሰዎቹ እዚህ ጎረቤታችን ጅቡቲ፣ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ውስጥ ሳምንታት ከረሙ። ማረፊያቸው ኮንቴይነር ነበር።

ታክሲ ነጂው፦ መጨረሻውንም ተናገር እንጂ! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመንግሥት ፈቀደ፣ ጁላይ ላይ ሄዱ።

ነገረ ፈጁ፦ የፈቀደው በኋላ ነው። አውሮፕላኑ ሲነሳ የመርፊ ትእዛዝ የጸና ነበር። ነገ ይሻርልኛል ብሎ ዛሬ መጣስ ይቻላል?

ታክሲ ነጂው፦ እኔ አሁንም ቃሉን አንብቡ ነው የምለው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወረቀት ላይ «አምጡ» የሚል ካገኛችሁ እታረማለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እሁድ ዊልኪንሰን የጻፉትን አትሜ ይዤልህ እመጣለሁ። እንዳትቀር።